ጥያቄ የሰበሰበ መድረክ መልስ ይዞ ይምጣ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከከተማውና ከገጠሩ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፤ እንደምን አደራችሁ!

እዚህ ደብረ ማርቆስ ስለ ስብሰባ እንድናገር ስትጋብዙኝ ደስ ብሎኛል። ስብሰባ የሰለቸው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም።

የለመድነውን መድረክ እስቲ አስቡት። ለ3 ሰዓት የተጠራው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል። የመክፈቻ ንግግር ይደረጋል። ከዚያ ረጅም ጽሑፍ በፕሮጀክተር ይነበባል። ሰው ሲደክመው፣ ምሳ ሲደርስ፣ «አምስት ሰው እንቀበል፤ በአጭር በአጭሩ» ይባላል። አንዷ ተማሪ የማደሪያው ውሃ ለምን እንደሚጠፋ ትጠይቃለች። ሌላው የውጤት ቅሬታ ያነሳል። አንድ አባት የማዳበሪያውን ነገር ያነሳሉ። መድረክ መሪው አምስቱን ጠቅልሎ የቀለለውን ይመልሳል፤ የከበደውን «ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን» ብሎ ያልፋል። ሻይ ይጠጣል፤ አበል ያለው ይፈርማል፤ እንበተናለን። ቃለ ጉባኤው ላይ «ተሳታፊዎች ገንቢ አስተያየት ሰጥተዋል» ተብሎ ይጻፋል። የዚያች ልጅ ጥያቄ ግን የለም።

ጎጃም እኮ ከዚህ የተሻለ ያውቃል። በቅኔ ትምህርት ቤቶቻችን፣ ዋሸራም ሆነ ዲማ፣ ተማሪ የቆጠረውን፣ ማለትም ራሱ ያዘጋጀውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይነግራል። መምህሩ ቤት ያልመታውን፣ ምሥጢሩ ያልሰመረውን ነቅሶ ያርመዋል። በሰው ፊት መታረም ነውር አይደለም፤ ተማሪው ነገ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ሽማግሌ ሲቀመጥ ደግሞ መጀመሪያ «ዋስ ጥሩ» ይላል። ከዚያ አንዱ ተናግሮ እስኪጨርስ ሌላው ያዳምጣል። የተባለው እንደሚፈጸም ዋስ አለ። እኛ አዳራሽ ውስጥ የጠፋው ይኸው ዋስ ነው።

መልስ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ አገራችን አይታዋለች። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ መሬቴ ሊለካ ነው ብሎ ሰጋ። ተመካከረ፣ ወኪል መርጦ አዲስ አበባ ድረስ ላከ። ሰሚ ሲያጣ ነገሩ ወደ ጠመንጃ ዞረ፤ ጦር ዘመተ፤ ሰው አለቀ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሱ፣ የተጠራቀመውም ግብር ተሰረዘ። ያ ሁሉ ሰው ከመሞቱ በፊት ወኪሎቹን ቁጭ ብሎ የሚሰማ ቢኖር ኖሮ! ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ «መሬት ላራሹ» ብለው ወጥተው ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን ያኔ በአብዛኛው ባለርስት ነበር፤ የደቡቡን ጭሰኛ የሚያስጨንቀው ሌላ፣ እሱን የሚያስጨንቀው ሌላ ነበር። ተማሪና ገበሬ እንደ ዛሬው አንድ አዳራሽ ሲቀመጡ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው።

መሰብሰብ መብት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ አስፍሮታል። ስለ ሰላማዊ ሰልፍና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ በ1983 የወጣው አዋጅ ቁጥር 3ም ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ይላል እንጂ ፈቃድ ለምኑ አይልም።

እንግዲህ ከዛሬ እንጀምር። ቃለ ጉባኤ ያዡ ጥያቄውን በጠያቂው አፍ፣ እንደተጠየቀ ይጻፈው። ከጎኑ ማን እንደሚመልስና እስከ መቼ እንደሚመልስ ይስፈር። ወረቀቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በሚቀጥለው ስብሰባ ከመክፈቻ ንግግር በፊት ይነበብ። ያልተመለሰ ካለ ኃላፊው ተነስቶ «አልቻልኩም፣ ምክንያቱ ይህ ነው» ይበል። እውነቱን የነገረንን ኃላፊ እናከብረዋለን።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የጠየቀ ልጅ በማግስቱ «ለምን ጠየቅህ?» ተብሎ ቢሮ መጠራት የለበትም። አንድ ልጅ ከተጠራ ሌላው ሁሉ አፉን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ መድረክ የሚባል ነገር የለም።

ለእናንተም ለተማሪዎች አለኝ። ጥያቄ አለኝ ብላችሁ ተነስታችሁ ንግግር አታድርጉ። የማትወዱትን ሐሳብ የያዘ ጓደኛችሁን በጭብጨባ አታስቀምጡት፤ ይጨርስ፤ ከዚያ ሞግቱት። ከየት ነህ፣ የማን ወገን ነህ አትበሉት። የተናገረውን ያዙ።

ለጥያቄ ሰዓት እንዲተርፍ ብዬ አሳጥሬያለሁ። ከኋላ ረድፍ እንጀምር፤ ቀድመው እጅ ያወጡት ሴት ተማሪዎች ናቸው። ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ዝግጁ ነህ?

አመሰግናለሁ።