ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የእኛ ነው
(በደሴ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ማኅበር የ2018 ዓ.ም. ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በሰብሳቢው የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶቻችን፣ እህቶቻችን፣ የክብር እንግዶቻችን፣ እንደምን አደራችሁ። እንኳን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን በነጻ የፈቀዱልንን እናመሰግናለን። ከማለዳ ጀምሮ ቡናና ቆሎ ሲያዘጋጁ የቆዩትንም እጃቸውን ይባርክልን።

ዓመቱን ባጭሩ ልበል። ስድስት አዲስ አባላት ተቀብለናል። ከኮምቦልቻ ተመርቀው የመጡ ሦስት ወጣቶች ከነባሮቹ ጋር እየዞሩ ተለማምደዋል። የሁለት አቅመ ደካማ እናቶችን ቤት ሽቦ በነጻ ቀይረናል። የሒሳቡን ነገር ገንዘብ ያዣችን ያቀርበዋል። ጥሩ ነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የእኔ ልብ ግን ዛሬ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ከፊት ለፊት ጥቁር ሻሽ አስራ ከልጇ ጋር የተቀመጠችውን እህታችንን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ባለቤቷን ባለፈው ኅዳር ቀብረናል። ስሙን ከዚህ መድረክ አልጠራም። «ስሙ በማይክ ሲጠራ ትንሿ ልጄ አትችለውም» ብላ ለምናኛለች። ስለዚህ ወንድማችን ነው የምለው። ወንድማችን ነበራ።

ወንድማችን ከወረኢሉ ሲመጣ 17 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያ ሥራው ሲሚንቶ መሸከም ነው። ቀጥሎ ግድግዳ በመሮ እየቦረቦረ ሽቦ ለሚያልፍበት ቱቦ፣ ለኮንዱይት፣ መንገድ መክፈት ጀመረ። ያኔ አብሬው ነበርኩ። እኔ ሽቦ ስስብ እሱ ከታች ቆሞ እጄን ያያል። ምሳ ሰዓት ላይ ሌላው ሲተኛ እሱ የተጣለ ቁራጭ ሽቦ ሰብስቦ መቀጠል ይለማመዳል። የማታ ትምህርቱን የጨረሰው አግብቶ፣ የመጀመሪያ ልጁን ወልዶ ነው። ቀን ሠርቶ፣ ማታ ተምሮ፣ ሌሊት ሕፃን አባብሎ።

ባለሙያ ከሆነ በኋላ በዚህ ከተማ በሥራው የተከሰሰ ነገር አልሰማሁም። የምጣድ መስመር ለብቻው፣ በወፍራሙ በ4 ካሬ ሽቦ፣ ከራሱ ብሬከር ካልሆነ አይሠራም። ደንበኛው ቀጠን ባለው በ2.5 ካሬ ከሌላ ሶኬት ጋር አገናኝተህ ጨርስልኝ ሲለው ቁጭ ብሎ ያስረዳል። ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ገደማ እንደሚስብ፣ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ሲግል ማንም እንደማያየው፣ የቤት እሳት የሚጀምረው እንዲያ እንደሆነ ይነግረዋል። እናቶች ምጣዳቸው አልግል ብሎ ሊጥ ሲበላሽባቸው የሚደውሉት ለእሱ ነው። በር ላይ ሲደርስ የመጀመሪያ ቃሉ «አብሽሪ እናቴ» ነው። ካቻቢቴውን ከማውጣቱ በፊት ሴትየዋ ተረጋግታለች።

ቤቱን ደግሞ እንዴት እንደሚወድ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጠዋት በአንድ ትከሻው የሥራ ቦርሳውን፣ በሌላው የትንሿን ልጁን የትምህርት ቤት ቦርሳ ይዞ ዳገቱን ይወጣል። ማታ 12 ሰዓት ካለፈ ስልኩን አያነሳም። መግሪብ ሰግዶ ከልጆቹ ጋር እራት ይበላል። ሀብታም ነጋዴ እጥፍ እከፍላለሁ ቢለው እንኳ «ነገ በጠዋት» ነው መልሱ። ትልቋን ልጁን ከ10 ዓመቷ ጀምሮ ቴስተር አያያዝ አስተምሯታል። ዛሬ ኮምቦልቻ ኤሌክትሪሲቲ እየተማረች ነው። ከእናቷ አጠገብ የተቀመጠችው እሷ ናት። ልጄ፣ ቀና በይ። አባትሽ የሚያኮራ ሰው ነው።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ።

ሰኞ ገበያ አካባቢ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ አራት ሱቆች አሉ። ያን ቀን መብራት ጠፍቷል። ከአንዱ ሱቅ የተቃጠለ ሽታ አለ ተብሎ ወንድማችን ተጠራ። ዋናውን ብሬከር አወረደ። በቴስተር ፈተሸ፣ ምንም የለም። ደረጃ ላይ ወጥቶ የአራቱ ሱቆች ሽቦ የሚገናኝበትን ሳጥን፣ ስካቶላውን፣ ከፈተ። ሽቦው የተጠቀለለበትን የቀለጠ ናስትሮ መፍታት ጀመረ። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ ምንም አያውቅም፤ ጄኔሬተሩን አስነሳ።

ያ ጄኔሬተር ቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም የጄኔሬተሩና የመብራት ኃይል መስመር እንዳይገናኙ የሚለየው ማብሪያ፣ አልነበረውም። ሁለቱም ጫፉ ስፒና በሆነ ገመድ ነበር ከግድግዳ ሶኬት ጋር የተያያዘው። ኃይሉ በሶኬቱ ገብቶ ወደ ኋላ ተመለሰ። 220 ቮልት፣ ብሬከሩን ባወረደበት ሳይሆን ባልጠበቀው በኩል መጣበት። ልጁ ጥፋት የለበትም። አስነሳ የተባለውን አስነሳ። ጥፋቱ ገመዱን ያሰረው ሰው ነው። ያሰረው ደግሞ የእኛ አባል ነው።

ይህን ለመናገር ስድስት ወር ፈጅቶብኛል።

በ2014 ከተማችን በጦርነቱ ጨለማ ውስጥ የከረመችበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ጄኔሬተር በየሱቁ በር ላይ የበዛው ከዚያ ወዲህ ነው። እኛም ሠርተን በላንበት። ቸኩለን ያሰርነው ስንቱ ነው? ወንድማችን ይህን ጥያቄ ቀድሞ ጠይቆት ነበር። ባለቤቱ ከቀብሩ በኋላ የሥራ ደብተሩን አመጣችልኝ። የሠራው ቤት ሁሉ ተጽፏል፣ የሽቦው ውፍረት፣ የብሬከሩ አምፔር፣ ያልተከፈለው ቀሪ ሒሳብ። መጨረሻው ላይ ለብቻው የተሰመረ ገጽ አለ። በሥራ ሲዞር ያገኛቸው ቼንጅ ኦቨር የሌላቸው ጄኔሬተሮች ናቸው። 17 ቤት። ከእያንዳንዱ ፊት «ተነግሯል» ብሎ ጽፏል። ሦስቱ ላይ «ተቀይሯል» ይላል።

ያን ገጽ አምና ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አሳይቶኛል። «ጋሼ፣ ይህ ነገር በስብሰባ ይነሳ» አለኝ። እኔም «በሚቀጥለው እናነሳዋለን» አልኩት። በሚቀጥለው አላነሳሁትም። እህቴ፣ ይህን ቤትሽ መጥቼ ነግሬሻለሁ፤ ዛሬ በሰው ፊትም እነግርሻለሁ። አውፍ በይኝ።

ከኅዳር በኋላ ኮሚቴው አጭር ሕግ አረቀቀ። ማንም አባል ያለ ቼንጅ ኦቨር ጄኔሬተር አያስርም። ድሮ ያሰረውን ያስመዘግባል፣ ሄዶ ያስተካክላል። በጋራ መስመር ላይ የሚሠራ ሰው ኃይል የሚያመጣውን ፌዝ፣ የሚመልሰውን ኒውትራልና ወደ መሬት የሚወርደውን ኧርዝ አንድ ላይ ሳያስር በባዶ እጁ አይነካም። እንዲያ ከታሰረ በማንኛውም በኩል ኃይል ቢመጣ ሽቦው ላይ ሾርት ሆኖ ይቆማል እንጂ በሰው አያልፍም። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሁላችንም ተምረነዋል። ስለቸኮልን ተውነው።

ሕጉን ለማጽደቅ ጥር ላይ ጠራን። 86 አባላት ነን፤ 44 ሰው ያስፈልጋል። 31 ሰው መጣ። መጋቢት ላይ ደገምን። 38 መጣ። በጀናዛው ዕለት ግን እስላሙም ክርስቲያኑም አንድም የቀረ አልነበረም። ቃሬዛውን ለመያዝ ተጋፍተናል። ለሞተው ሰው የተገኘ እግር በሕይወት ላለው ለምን ይጠፋል? ይህን ማሰብ እንቅልፍ ነስቶኛል።

የመጡትም ቢሆኑ ሁሉም አልተስማሙም። «ቼንጅ ኦቨር ግዛ ካልኩት ደንበኛው ሌላ ሰው ይጠራል» ያሉ አሉ። ውሸት አይደለም። ባለፈው ወር ሮቢት ላይ እኔም ተባርሬያለሁ። «ሽማግሌ ሆይ፣ አታካብድ» ብሎ ሌላ አስገባ። የልጅ ጫማ የሚገዛበት ገንዘብ ሲያመልጥ እንደሚያናድድ አውቃለሁ። ግን 86 ሰው አንድ ቃል ቢናገር፣ ያ ሰውዬ ወዴት ይሄዳል? ደንበኛው የሚያመልጠን ስለተለያየን ነው።

ነገሩ በእኛም አያበቃም። ከጄኔሬተር ወደ ኋላ የሄደ ኃይል ቆጣሪውን አልፎ ትራንስፎርመር ድረስ ሊደርስ ይችላል። ትራንስፎርመር አቅጣጫ አይለይም። በ220 የገባው በሌላው በኩል በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው የመብራት ኃይል ሠራተኛም ልጆች አሉት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሁላችንም አንብተናል። 5,150 ሜጋዋት ማመንጨት ይችላል ስንባል ደረታችን ሞልቷል። ጉባ ላይ ያለውን ሥራ የሠሩት ሠርተውታል። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ግን የእኛ ነው። እዚያ ማንም መሐንዲስ አይመጣልንም።

ዛሬ እዚህ ያልተገኘህ አንድ ወንድማችን አለህ። ስምህን አልጠራም፣ እስከ ዛሬም ለማንም አልጠራሁም። ንግግሬን ሰው እንደሚያደርስልህ አውቃለሁ። ከኅዳር ወዲህ ከሰው ርቀሃል። መዋጮህን በሰው ነው የምትልከው። መንገድ ላይ ስታየኝ ትሻገራለህ። ክፉ ሰው እንዳልሆንክ እኔ ምስክር ነኝ። ያንን ገመድ ያሰርከው ሰው ለመጉዳት አይደለም። እኔም በወጣትነቴ አስሬያለሁ፤ ሰው ያልሞተብኝ ስላልሞተብኝ ብቻ ነው። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ሌላ የት የት እንዳሰርክ ንገረን። ወረቀት ላይ ጽፈህ በልጅ ላክልኝ። እኔና ሁለት ሰው በአንድ ሳምንት ዞረን እንፈታዋለን። ሒሳብ አንጠይቅህም። እህታችንም ይህን ታውቃለች። «ይምጣ፣ ልጆቼን ያጽናናልኝ» ነው ያለችኝ። ከዚህ በላይ ምን ትጠብቃለህ?

ሌሎቻችሁም፣ በየወንበራችሁ አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበር እዩት። የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስልካችሁን አውጡና ደውሉለት። ከአራዳ እዚህ ለመድረስ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። እንጠብቀዋለን፤ ምሳው ይቆየን።

ደብተሩ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። የቀሩትን 14 ቤቶች ለመከፋፈል ፈቃደኛ የሆነ በእረፍት ሰዓት መጥቶ ይፈርም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እኔ ወስጃለሁ። ሦስተኛውን ልጁ ልትሠራው ጠይቃኛለች፤ ከእኔ ጋር ትሄዳለች።

አሁን ጸሐፊያችን ምልዓተ ጉባኤው መሙላቱን ለማየት ስም ይጥራ። የሌሉትንም ስም ጮክ ብሎ ይጥራ።