ባዶው ይጮኻል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ባቡር ነው። አዎ፣ ስለ ባቡር።

ቅዳሜ ጠዋት ከአዳማ ወጣ እልና ሀዲዱን ቁልቁል የምታሳይ ጉብታ ላይ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ «ደግሞ እዚያ ምን አለህ?» ትለኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት? የጅቡቲውን የጭነት ባቡር ልቆጥር ነው የምሄደው።

አባቴ ድሬዳዋ ነው ያደገው። የድሮው ባቡር፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው፣ ሲመጣ ከዚራ ሰፈር ድረስ ይሰማ ነበር ይለኛል። ይሄኛው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ነው፤ ጭስ የሚባል ነገር አያውቅም። ሎኮሞቲቩ ጣሪያው ላይ ባለው ክንድ 25 ሺህ ቮልት ካለው ሽቦ ይስባል። 7,200 ኪሎዋት ጉልበት አለው። አሥራ ሁለቱም ጎማዎቹ በሞተር ነው የሚዞሩት። ይሄ ሁሉ ጉልበት ግን ድምፁ የንብ ቀፎ አጠገብ የቆማችሁ ያህል ብቻ ነው። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎኝ ነበር። ባቡር እኮ ትንሽ መጮህ አለበት!

አንድ ቅዳሜ ከብት የሚጠብቅ ልጅ አጠገቤ መጣ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው።

«ጋሼ፣ ባቡር እየመጣ ነው።»

ዞር ብዬ አየሁ፤ ምንም የለም።

«ደግሞ ባዶውን ነው» አለ።

የሚቀልድብኝ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ከኩርባው ብቅ አለ። ከኋላው ፉርጎ በፉርጎ ላይ፣ ሁሉም ባዶ፣ ቋ ቋ ቋ እያሉ አለፉ።

«እንዴት አወቅህ?» አልኩት።

«ባዶው ይጮኻል። ሙሉው ያቃስታል።»

ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ተከፈተ። ከባሕር የሚመጣው ዳገት ነው የሚወጣው፤ አዋሽን ካለፈ በኋላ ደግሞ ይብስበታል። ማዳበሪያ፣ መኪና፣ ኮንቴይነር ተሸክሞ ቀስ ይላል፣ ፉርጎዎቹም ትንፍሽ አይሉም። የሚወርደው አንዳንዴ ቡና ይዞ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ ግን እጁን እያወዛወዘ ነው። የምንገዛው ከምንሸጠው እጅግ ይበልጣላ! እኔ ኢኮኖሚስት አይደለሁም፤ ግን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ሞተሮቹ ፍሬን ይሆኑና ኤሌክትሪክ እያመነጩ ወደ ሽቦው ይመልሳሉ። ባዶውን ሲመለስ እንኳ የሚያዋጣት ነገር አለችው።

ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ሀዲዱ ድርብ ስለሆነ አንዳንዴ ሁለቱ ይተላለፋሉ። ባለፈው ቅዳሜ እንደዚያ ሆነ። አንደኛው ከብቶቹን አይቶ ረጅም ጡሩምባ ነፋ፤ ልጁ ዱላውን አንስቶ ሮጠ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ቀዳሁ።

አሁን ላሰማችሁ ነው። መጀመሪያ የሚሰማችሁ ሙሉው ነው ወይስ ባዶው? እናንተ ገምቱ።