«እኔ እፈልጋለሁ» ያለች ሴት

እንዴት አመሻችሁ? ከደሴ ነኝ። ዛሬ በአንድ ቁጥር ልጀምር። 98 ለ 96።

በሁለት ሰው ማለት ነው። በ2016 ባርባራ ሊ የምትባል የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አባል በፓርቲዋ ውስጥ ለአመራር ተወዳድራ በሁለት ድምፅ ተሸነፈች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራቸው።) ቦታው የዴሞክራቶቹ ኮከስ ምክትል ሊቀመንበርነት ነው። ኮከስ የአንድ ፓርቲ የምክር ቤት አባላት ለብቻቸው በር ዘግተው የሚሰበሰቡበት ነው፤ መሪዎቻቸውንም እዚያው ይመርጣሉ። ድምፁ በምስጢር ነው። ያሸነፈቻት ሊንዳ ሳንቼዝ ናት፤ እሷም የካሊፎርኒያ ተወካይ።

ባርባራ ሊ በ1946 ነው የተወለደችው፣ አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር። ግን ሰሞኑን ስለ እሷ ሳስብ ስለከረምኩ እንደ እህት ቀርባኛለች።

ምን አሳሰበሽ አትሉኝም? ባለፈው ወር የሰፈራችን ቅሬ ሰብሳቢ ሲመርጥ እኔም ተወዳድሬ ነበር። ቅሬ እናንተ ሌላ አገር ያላችሁት እድር የምትሉት ነው። እኛ ወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ነው የሚያለቅሰው፣ በአንድ ድስት ነው የሚበላው። ማንም ሳይጠቁመኝ ተነሳሁና «እኔ እፈልጋለሁ» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ።

የፈለግኩበት ምክንያት አለኝ። በእኛ ቅሬ ተከራይ አባል አይሆንም። ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ ከየቦታው ተፈናቅለው መጥተው ሰፈራችን አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ከእነሱ አንዷ እናቷ ሞቱባት። ድንኳን አልተተከለላትም፣ ወንበር አልወጣላትም፣ ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ቆመ። እኔም ቆሜ ነበር። ደንቡን እንቀይር ብዬ ሦስት ጊዜ በስብሰባ አንስቻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ጥሩ ሐሳብ ነው» ተባለና ወደሚቀጥለው ጉዳይ ታለፈ። አጀንዳ የሚያወጣው ሰብሳቢው ነው። ስለዚህ ሰብሳቢ ልሁን አልኩ።

ሁለት ሳምንት ቤት ለቤት ዞርኩ። በየቤቱ ቡና ጠጣሁ። «አብሽሪ፣ ከአንቺ ጋር ነን» ያሉኝን ሰዎች ስም ደብተር ላይ ጻፍኩ፣ 41 ደረሱ። በዕለቱ የወጣው እጅ 26 ነው።

ያስለቀሰኝ ግን ይህ አይደለም። በጣም የማከብራቸው አንድ አባት መውጫው ላይ ጠበቁኝና «ልጄ፣ ሹመት ይሰጣል እንጂ አይጠየቅም» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፣ እሳቸውም የተማሩት እንደዚያ ነው። ሁላችንም እንደዚያው ነን። እጩ ሲባል «ኧረ እኔ አልችልም፣ ሌላ ሰው ይሁን» ብሎ ሦስት ጊዜ መለመን አለበት። በግልጽ የፈለገ ሥልጣን ወዳድ ነው። በሰው በሰው ስሙን ያስጠቆመ ግን ጨዋ ይባላል።

ባርባራ ሊን ብዙ ሰው የሚያውቃት በሌላ ቁጥር ነው። 420 ለ 1። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2001፣ ከኒውዮርኩ ጥቃት ሦስት ቀን በኋላ ምክር ቤቱ ለፕሬዚዳንቱ የጦርነት ሥልጣን ሲሰጥ፣ ከሁሉም መሃል አይሆንም ያለችው እሷ ብቻ ናት። የግድያ ዛቻ መጣባት፣ በፖሊስ ትጠበቅ ነበር። እኔም መጀመሪያ የወደድኳት በዚህ ነው። ብቻውን የቆመ ሰው ልብ ይነካል።

ግን አስቡት፣ ብቻዋን ቆማ ምን ሆነ? ሕጉ ጸደቀ። ያ ሕግ እንዲሻር ስትደክም ዓመታት አለፉ። በ2017 የበጀት ኮሚቴው ሐሳቧን ተቀብሎ፣ ሕጉ የሚያበቃበት ጊዜ ይቆረጥለት የሚለው አንቀጿ ረቂቁ ውስጥ ገባ፤ ኮሚቴው ውስጥ ተጨበጨበላት። በሚቀጥለው ወር ግን በጊዜው ምክር ቤቱን የሚመሩት ሪፐብሊካኖች ሙሉ ምክር ቤቱ ድምፅ ሳይሰጥበት ከረቂቁ አወጡት። ይህን ሳነብ የእኔ «ጥሩ ሐሳብ ነው» ትዝ አለኝ። የራሷ ፓርቲ ወንበር ያንን አንቀጽ ያድነው ነበር ማለቴ አይደለም። ግን የቱ ጉዳይ ለድምፅ ይቅረብ፣ የቱ ይቅር የሚለውን የሚወስነው አመራሩ ላይ ያለው ሰው ነው። አንድ ድምፅ ይዞ እውነት መናገር ይቻላል፤ አጀንዳ ማውጣት ግን አይቻልም።

እና በ2018 እንደገና ተነሳች። አሁን ለሊቀመንበርነቱ። ቦታው የተከፈተው እንዴት መሰላችሁ? ጆ ክራውሊ የሚባለውን ሊቀመንበር የ28 ዓመቷ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ በራሱ ወረዳ፣ በፓርቲው የእጩዎች ምርጫ ስለጣለችው ነው። ያ ዓመት የተራማጆቹ፣ ማለትም የፓርቲው ግራ ክንፍ፣ ዓመት ይመስል ነበር። (ተራማጅ ስል እዚህ ደሴ ያሉ ታላላቆቻችን የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ዘመን አስበው ክፉኛ እንደሚያዝኑ አውቃለሁ። ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው።) ውጤቱ 123 ለ 113 ሆነ፣ ለሃኪም ጄፍሪስ። እሱ 48 ዓመቱ፣ እሷ 72። ጄፍሪስ ብርቱ ሰው ነው፣ በ2023 የፓርቲው የምክር ቤት መሪ ሆነ። እሷ ግን ለሁለተኛ ጊዜ በጠባቡ ቀረች።

ቅሬው በእጅ ስለሆነ ማን እንዳላወጣልኝ አይቻለሁ። አንዷ አይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር፣ ቤቷ ሁለት ጊዜ ቡና የጠጣሁት ሴት። የምስጢሩ ድምፅ ይከብዳል ወይስ ይህ? ባርባራ ሊ በማግስቱ ኮሪደር ላይ ሁሉንም ሰላም ስትል ማን ቃሉን እንዳጠፈ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ፣ ግን ከዚያችው ሴት ጋር ነገ ለቀስተኛ እንጀራ አብረን እንጋግራለን። የእኔው የሚሻል ይመስለኛል። ፊት ለፊት ነው፣ ይታረቁበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባርባራ ሊ በወጣትነቷ ሁለት ወንዶች ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ተማሪ ነበረች። በአንድ የፖለቲካ ትምህርት በምርጫ ዘመቻ መሥራት ግዴታ ነበር፤ የምትወደው እጩ ስላልነበረ ትምህርቱን ልትወድቅ ነው። እንዲያውም ለመምረጥ እንኳ አልተመዘገበችም። ከዚያ ሸርሊ ቺዝሆልም ኮሌጇ መጣች፤ በ1968 ለምክር ቤቱ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት፣ በ1972 ደግሞ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረች። መጀመሪያ ተመዝገቢ አለቻት። ተመዘገበች፣ ዘመቻዋንም ሠራች። ቺዝሆልም ለፕሬዚዳንትነት «እፈልጋለሁ» ስትል አንዲት ተማሪ ሰማቻት፣ በቃ።

ባርባራ ሊ በ2024 ለሴኔት ተወዳድራ ወደቀች። በ2025፣ በ78 ዓመቷ፣ የኦክላንድ ከተማ ከንቲባ ሆና ተመረጠች።

እኔ ደግሞ ደብተሬን አልጣልኩም። 26ቱን ስም በቀይ አስምሬባቸዋለሁ። የተመረጡት ሰብሳቢ ደግ ሰው ናቸው፤ ነገ ጠዋት ቤታቸው እሄዳለሁ፣ የተከራዮቹን ጉዳይ የመጀመሪያው አጀንዳ እንዲያደርጉት ልጠይቃቸው። እምቢ ካሉኝም በሚቀጥለው ምርጫ እንደምወዳደር እዚያው ፊታቸው እነግራቸዋለሁ። እናቷ የሞተችባት ልጅም አብሬሽ ልምጣ ብላኛለች።

ደህና እደሩ።