ደመናው ሳይደርስ መጠየቅ

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው፣ ቤተሰብ ጋ። ክረምት ስለሆነ የጮቄ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ደመና እንደለበሰ ነው። ትናንት ቡና ላይ እናቴ «ለመሆኑ ሰማይ ላይ መንገድ ቢጠፋብህ ማንን ትጠይቃለህ?» አለችኝ። በአጭሩ መለስኩላት፤ ግን ጥያቄው ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፣ እናም ዛሬ ስለሱ እናውራ።

መብረር የተማርኩት አሜሪካ ነው። መጀመሪያ የግል አብራሪ ፈቃድ፣ በኋላ ደግሞ ውጭ ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር የሚያበቃውን ኢንስትሩመንት ሬቲንግ። ካርታ ስዘረጋ ግን ሐሳቤ ሁሌም ወደ ጎጃም ነው የሚሄደው። እስቲ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በትንሽ አውሮፕላን እንነሳ። በቀጥታ መስመር 80 ኖቲካል ማይል ገደማ ነው፣ ወደ 150 ኪሎ ሜትር። ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ። ቀላል ይመስላል አይደል?

አሁን ጂፒኤሱ ጠፋ እንበል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አስፋልት መከተል ነው። ከባሕር ዳር ግን ሁለት መንገድ ይወጣል። አንዱ በመራዊ፣ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በፍኖተ ሰላም ዞሮ ማርቆስ ይገባል። ሌላው በአዴት አድርጎ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጀን ይወርዳል። በመሀላቸው ጮቄ ቆሟል። የተሳሳተውን መንገድ የያዘ አብራሪ ማርቆስን እየጠበቀ ከተራራው ማዶ ይገኛል። ከላይ ሲታይ ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያው አንድ ነው፣ በዛፍ የተከበበው ቤተ ክርስቲያንም በየደብሩ አለ፣ ሁሉም ይመሳሰላል።

«ዓባይን ካየሁ የት እንዳለሁ አውቃለሁ» የሚል ይኖራል። ዓባይ እኮ ጎጃምን በምሥራቅም በደቡብም በምዕራብም ነው የሚከበው! ገደሉን ማየት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ የትኛው ወገን እንዳላችሁ የሚነግራችሁ ኮምፓሱና ሰዓቱ ነው። አስተማሪዎች አጥብቀው የሚያስተምሩት ቅደም ተከተል አለ፦ መጀመሪያ ሰዓት፣ ቀጥሎ ካርታ፣ መጨረሻ መሬት። ከተነሳሁ ይህን ያህል ደቂቃ ሆኖኛል፣ ስለዚህ ካርታው ላይ እዚህ ጋ መሆን አለብኝ፣ ስለዚህ ከታች ይህን ማየት አለብኝ። የጠፋ ሰው ይገለብጠዋል። መጀመሪያ መሬቱን ያይና ከካርታው ላይ የሚመስል ነገር ይፈልጋል። የሚመስል ነገር ደግሞ አይጠፋም። መሳሳት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሚያየው ሁሉ ለግምቱ ማስረጃ ይሆንለታል።

አቅጣጫ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛባ ከ60 ማይል በኋላ 1 ማይል ከመስመር ያወጣል። በ10 ዲግሪ ወደ 10 ማይል ይሆናል። በጋይሮ፣ ማለትም በሚሽከረከር መንኮራኩር፣ የሚሠራው አቅጣጫ ጠቋሚ ቀስ እያለ ስለሚሸሽ በየ15 ደቂቃው ከኮምፓሱ ጋር ካልተስተካከለ ይህን ያህል ስህተት ሩቅ አይደለም። በዚህ መስመር ላይ ወደ ግራ መሳት ማለት ደግሞ ወደ ጮቄ መጠጋት ነው።

አሁን ደመናውን እንጨምርበት። ክሊራንስ ወደሚባለው ፈቃድ የምንመጣው እዚህ ጋ ነው። ደመና ውስጥ ለመግባት ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ የመሣሪያ በረራ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እስከ የት፣ በየት በኩል፣ በምን ከፍታ፣ በየትኛው የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ፣ በየትኛው የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቅ መሣሪያ) ኮድ እንደምትበሩ ይነገራችኋል፣ እናንተም መልሳችሁ ታነቡታላችሁ። አሜሪካ ውስጥ አየር ላይ ሆኖ በሬዲዮ መጠየቅም ይቻላል። ተቆጣጣሪው ግን እዚያው መልሶ ይጠይቃል፦ ሬቲንግ አለህ? አውሮፕላንህ ብቁ ነው? ዝቅተኛው የተፈቀደ ከፍታ ላይ እስክትደርስ ድረስ ከተራራና ከእንቅፋት ራስህን መጠበቅ ትችላለህ?

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቆም በሉልኝ። ደመና ውስጥ ከገቡ ወዲያ እውነተኛ «አዎ» ብሎ መመለስ አይቻልም፣ ምክንያቱም ተራራው አይታይም።

ጮቄ ላይ ደግሞ ቁጥሩን እንይ። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ፣ በተራራማ አገር በመሣሪያ ስትበሩ በ8 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ካለው ከፍተኛ ቦታ ቢያንስ 600 ሜትር በላይ መሆን አለባችሁ። ድምሩ ከ4,600 ሜትር፣ ማለትም ከ15,000 ጫማ ያልፋል። ብዙዎቻችን የተማርንባት ትንሿ አውሮፕላን ሴስና 172 ደግሞ አቅሟ የሚያልቀው ወደ 14,000 ጫማ ላይ ነው። ክሊራንስ ቢሰጣችሁ እንኳ አውሮፕላኗ አትወጣም! ስለዚህ ውሳኔው ባሕር ዳር መሬት ላይ ሳላችሁ፣ ቢዘገይ ደግሞ ገና ጣናን ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ እያያችሁት ነው መወሰድ ያለበት። ወይ በምዕራብ በኩል መዞር፣ ወይ መመለስ።

ሬቲንግ ሳይኖረው ደመና ውስጥ የሚገባ ሰው ምን እንደሚገጥመው ስልጠና ላይ ቀምሼዋለሁ። አስተማሪዬ «ዓይንህን ጨፍንና ቀጥ አድርገህ ያዛት» አለኝ። ሰውነቴ ቀጥ ብለናል ይለኛል፣ ወንበሩም ጸጥ ያለ ነው፣ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ትንሽ ከፍ እያለ ነው። «ክፈት» አለኝ። ሰማያዊውና ቡናማው የአድማስ መሣሪያ ወደ ቀኝ ተጋድሟል፣ የከፍታ መለኪያው መርፌ ወደ ታች ይሽከረከራል። ጆሯችን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቀስ ያለ መዞርን ስለማያውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የመሣሪያ ስልጠና የሌላቸውን 20 አብራሪዎች ሞክሮ ነበር፤ አውሮፕላኑ ከቁጥጥራቸው እስኪወጣ በአማካይ 178 ሰከንድ ነው የፈጀው። ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

ሬቲንግ ያለውም አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2020 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ኮቢ ብራያንትን የያዘችው ሄሊኮፕተር አብራሪ ከደመናው በላይ ለመውጣት እየወጣሁ ነው ብሎ ለተቆጣጣሪው ሲናገር፣ ሄሊኮፕተሯ ወደ ግራ እየዞረች ትወርድ ነበር። ዘጠኝ ሰው አለቀ። ያን አደጋ ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል።

እና ሬቲንግ የሌለው ሰውስ? እሱ የሚጠይቀው ክሊራንስ አይደለም፣ እርዳታ ነው። ይህን ልዩነት ብዙ ተማሪ አይረዳውም። ፈቃዴን ይቀሙኛል፣ ያሳፍረኛል ብሎ ዝም ይላል። እኛ አገር ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ኮክፒት ውስጥ ግን እኔ የምይዘው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ነው። አደጋ ላይ ያለ አብራሪ ሕይወት ለማዳን የሚያስፈልገውን ያህል ደንብ መተላለፍ እንደሚችል ደንቡ ራሱ ይናገራል። ተቆጣጣሪውም ቢሆን አቅጣጫ እየሰጠ ወደ ጠራው ሰማይ ሊያወጣችሁ ነው እዚያ የተቀመጠው።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሙ፤ ክንፉን ቀጥ አድርጉና ከፍ በሉ። የአውሮፕላን ሬዲዮ ቀጥታ መስመር ነው የሚሄደው፣ ተራራ አይሻገርም። ከ1,000 ሜትር በላይ በሚጠልቀው የዓባይ ሸለቆ ውስጥ ሆናችሁ ብትጮኹ ሰሚ ላይኖር ይችላል። ከወጣችሁ በኋላ የያዛችሁት ፍሪኩዌንሲ ላይ፣ ካልሆነም የአደጋ ጊዜ ፍሪኩዌንሲ በሆነው 121.5 ላይ፣ ትራንስፖንደሩን የአደጋ ኮድ ወደሆነው 7700 አድርጋችሁ በግልጽ ተናገሩ፦ «ሬቲንግ የለኝም፣ ደመና ውስጥ ነኝ፣ የት እንዳለሁ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ነዳጄ ይህን ያህል ነው።» ከዚያ ወደሚሰጣችሁ አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ፣ ሳትጣደፉ፣ ከመሣሪያው ላይ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ዙሩ።