በመታሰቢያው ድንጋይ ላይ የጋፋት ሰው የት አለ?

የተከበራችሁ የሀገር ሽማግሌዎች፣ አባቶችና እናቶች፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ የጋፋት ልጆች፣

የተጠራነው የጋፋትን የመድፍ ሥራ በሚዘክረው መታሰቢያ ድንጋይ ላይ በሚቀረጸው ጽሑፍ ልንመክር ነውና ከዚያ አልወጣም። ረቂቁን አንብቤዋለሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ አሉበት፤ አውሮፓውያኑ ዋልድማየርና ጓደኞቹም በየስማቸው ተዘርዝረዋል። መጠራታቸው አይከፋኝም፤ ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው ንጉሡ መድፍ ሥሩ ሲሏቸው ቢያመነቱም፣ ከብዙ ሙከራ በኋላ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከዚህ ከደብረ ታቦር አጠገብ ካለው መንደር ወጥቷል። የጋፋት ሰው ግን በረቂቁ ውስጥ አንድም ቦታ የለም።

ባለፈው እንግዶች ሲመጡ ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። አስጎብኚው የፈረንጆቹን ስም እንደ ዳዊት ሲወርደው፣ አንዲት እናታችን «ልጄ፣ እህሉንስ ማን ፈጨላቸው?» ብለው ቢጠይቁ ሰው ሁሉ ሳቀ። ምኑ ያስቃል? ከሰሉን ማን አክስሎ ተሸከመ? ወናፉን ማን ነፋ? የቅርጹን ጭቃ ማን አቦካ?

ሰባት ሺህ ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። በመካከሉ የጅጣ ገደል አለ፣ የደላንታ ደጋ አለ፣ የበሽሎ ወንዝ አለ። ድንጋዩን እየናዱ መንገድ መጥረግ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሠረገላው እንዳያመልጥ ከኋላ በጠፍር መያዝ፣ ዳገቱ ላይ ደግሞ በመቶዎች ሆኖ መጎተት ነበር። ንጉሡ በመንገድ ሥራ ላይ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል፤ ከጎናቸው ያነሣ የነበረውን ገበሬ ስም ግን ማን ጻፈው? ሁሉም ወዶ ዘመተ እያልሁም አይደለም፤ ንጉሡ ሲወጡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው እንደሄዱ እናውቃለን፣ እሱም ቢሆን የእኛ ታሪክ ነው።

«ስማቸው ስላልተያዘ አይጻፉም» የሚለውን ክርክር አልቀበልም። ስም ቢጠፋ ሥራው ጠፋ ማለት ነው እንዴ? «የጋፋትና የአካባቢው ሕዝብ አክስሎ፣ ተሸክሞና ጎትቶ» የሚል አንድ መስመር ድንጋዩን አያጠበውም!

በዚያ ዘመን ወጣቶች እዚህ ፊደልና የእጅ ሙያ መማራቸውም በጽሑፉ ይግባ። ስለ አጥሩና ስለ መንገዱ ሌሎች ስለሚናገሩ ጊዜ አልወስድም። ረቂቁ በዚህ መልክ ካልታረመ ግን እኔ በበኩሌ አልፈርምም።