ከዋት በፊት ከፍታ

የተከበራችሁ የንግድ ሬዲዮ ባለቤቶች፣ ቴክኒሻኖችና የማስታወቂያ ባለሙያዎች፣ እንደምን አላችሁ?

እኛ የሬዲዮ ሰዎች ስንገናኝ «በስንት ኪሎዋት ነው የምትለቁት?» መባባል እንወዳለን። ጎረቤት ከተማ መሰማት አለመሰማታችን ግን በዚህ ብቻ አይታወቅም።

ኤፍኤም ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ላይ ነው የሚሠራው። እዚያ ላይ ሞገዱ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ይጓዛል። ተራራ ይጋርደዋል፤ የምድር ክብነትም እንዲሁ። ለጥ ባለ ሜዳ 100 ሜትር ላይ የተሰቀለ አንቴና አድማሱ ወደ 41 ኪሎሜትር ነው። 400 ሜትር ላይ ቢሰቀል ወደ 82 ይደርሳል። የማሰራጫውን ኃይል እጥፍ ብናደርገውስ? የምናተርፈው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ዴሲቤል የሲግናል ጥንካሬ የሚለካበት ነው። የመብራት ሒሳቡ ግን በዴሲቤል አይመጣም! ደግሞም ኃይሉ በፈቃዳችን የተገደበ ነው። ከዚያ አልፎ መልቀቅ የሌላ ጣቢያ አድማጭ ጆሮ ላይ መጮህ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከተገኘ መጀመሪያ ለከፍታ ይዋል ባይ ነኝ። ከተራራ ጀርባ ላለ መንደር ከፍታውም ላይበቃ ይችላል። እዚያ ሪፒተር፣ ማለትም ሲግናሉን ተቀብሎ መልሶ የሚለቅ መሣሪያ፣ መትከል ግድ ነው።

አሁን ወደ ሽፋን ካርታችን ልምጣ። ማስታወቂያ ለሚሰጠን ነጋዴ የምናሳየው ያ ባለቀለም ካርታ የስቴሪዮ፣ ማለትም የሁለት ቻናል ድምፅ፣ ነው ወይስ የሞኖ፣ የአንድ ቻናል? ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለገጠር አካባቢ የሚመክረው የሲግናል ጥንካሬ ለስቴሪዮ 54፣ ለሞኖ 48 ዴሲቤል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አድማጭ ሞኖውን ጥርት አድርጎ ይሰማል፤ ስቴሪዮው ግን ይሻክርበታል። ይህንን ለነጋዴው በግልጽ እንንገረው። ዝም ብለን ቀለም ቀብተን ብር መቀበል አያስኬድም።

ሞገዱ ደረሰ እንበል። ጎረቤቶቻችን ከእኛ ምን ይሰማሉ? የእኛን መንገድ መጨናነቅ፣ የእኛን ከተማ ስብሰባ። መንገዳቸው በጎርፍ ቢቆረጥ አንድ ቃል አይነገርም። የሱቆቻችንን ማስታወቂያ ግን ቀኑን ሙሉ እናዘንብባቸዋለን። ገዢ አድርገን ቆጥረናቸዋል፤ አድማጭ አድርገን ግን አልቆጠርናቸውም። እነሱም ጣቢያ መቀየር ያውቁበታል።

አንድ ሐሳብ ላቅርብ። እያንዳንዱ ጣቢያ ተራ የመኪና ሬዲዮ ይዞ ወደ ጎረቤት ከተሞች ይንዳ። ድምፁ የሚቆራረጥበትን ቦታ በካርታው ላይ ያስፍር። በደንብ በሚሰማበት ከተማ ደግሞ እዚያው የሚኖር አንድ ዘጋቢ ይቅጠር፤ በጠዋቱ ዜናም ቋሚ ሰዓት ይስጠው። የዘጋቢው ደመወዝ ከአዲስ ማሰራጫ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ እዚሁ ነኝ።