ሎግ የሚያስጥላችሁን ሶፍትዌር አትግዙ

እንደምን አላችሁ? ሥራችሁን አቁማችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

የተጋበዝኩት የደህንነት መከታተያና የሎግ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮችን እንዳወዳድርላችሁ ነው። አወዳድራለሁ። ግን አንደኛ ይሄ፣ ሁለተኛ ያ እያልኩ ደረጃ አላወጣም። ለትልቅ ባንክ የሚሆነው አርባ ሰው ለሚሠራበት ድርጅት አይሆንም፤ የባንኩን ሶፍትዌር የገዛ ትንሽ ድርጅት ብዙ ጊዜ ገንዘቡንም ጉልበቱንም ጨርሶ፣ መጨረሻ ላይ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ስክሪን ይዞ ይቀራል። በእኔ እይታ ሁለት ጥያቄዎች ከሁሉም ይቀድማሉ። ይህ ሶፍትዌር በዋጋው ምክንያት የትኛውን ሎግ ያስጥለኛል? ማንቂያ ሲመጣስ ማን ያየዋል? ዳሽቦርዱ አማረ አላማረ፣ ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን ዓይነት ሶፍትዌሮች እንለያቸው። ሎግ ማለት ሰርቨሩ፣ የኔትወርኩ በር ጠባቂ ፋየርዎሉ፣ ኢሜይሉ፣ ዳታቤዙ የሚጽፈው መዝገብ ነው። ማን ገባ፣ ከየት ገባ፣ ምን ከፈተ፣ ምን አጠፋ። የሎግ ማስተዳደሪያ ይህን ከየቦታው ሰብስቦ አንድ ላይ ያስቀምጣል፤ ስትፈልጉ ያገኝላችኋል። የደህንነት መከታተያው፣ ባለሙያዎች ሲየም የሚሉት፣ ከዚያ አልፎ መዝገቦቹን እርስ በርስ ያገናኛል። ምሳሌ ልስጣችሁ። የአንድ አድሚን፣ ማለትም ሲስተሙን የሚያስተዳድር ሰው፣ አካውንት ላይ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ደጋግሞ ተሞከረ። ከዚያ በአንዱ ተገባ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በዚያው አካውንት አዲስ ተጠቃሚ ተፈጠረ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ሦስቱ ተከታትለው ሲመጡ ግን ሰው ከእንቅልፉ መቀስቀስ አለበት። በዊንዶውስ ሦስቱ 4625፣ 4624 እና 4720 በሚል ቁጥር ይመዘገባሉ። ቁጥሮቹን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋቸዋለን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልግባ። ሎግ ስለመጣል።

በ2023 ማይክሮሶፍት ስቶርም 0558 ብሎ የሚጠራው፣ ከቻይና ጋር የተያያዘ ቡድን የማይክሮሶፍትን የክላውድ ኢሜይል ሰብሮ ገባ። የ22 ድርጅቶችን ኢሜይል ሲያነብ ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶችም አሉበት። መጀመሪያ የነቃው ማነው? ማይክሮሶፍት አይደለም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። የነቃውም የትኛው ኢሜይል መቼ እንደተነበበ የሚመዘግበው ሎግ ስለነበረውና በዚያ ሎግ ላይ የራሱን ማንቂያ ስለሠራ ነው። ያ ሎግ ግን በዚያን ጊዜ የሚገኘው ውዱን ላይሰንስ ለገዛ ብቻ ነበር። ርካሹን ላይሰንስ የያዘ ድርጅት ያው ሰርጎ ገብ ቢገባበት የሚያይበት መዝገብ አልነበረውም። በኋላ ትችቱ ሲበዛ ማይክሮሶፍት እነዚያን ሎጎች ለመደበኛ ደንበኞችም ከፈተ፤ ተቀምጠው የሚቆዩበትንም ጊዜ ከ90 ቀን ወደ 180 ቀን አሳደገው።

ይህን ያነሳሁት ማይክሮሶፍትን ለመውቀስ አይደለም። የዋጋ ዝርዝር ላይ ያለች አንዲት መስመር፣ ጥቃትን በማየትና ባለማየት መካከል እንደምትወስን እንድታዩልኝ ነው።

ዋጋ እንዴት እንደሚሰላ ደግሞ እያንዳንዱ ሻጭ የራሱ መንገድ አለው። ስፕለንክ ስሙን ያተረፈው በቀን በሚገባው ጊጋባይት በማስከፈል ነው፤ አሁን በሚጠቀሙት የኮምፒውተር አቅም መክፈልም ይቻላል። ማይክሮሶፍት ሴንቲነል በሚገባው ጊጋባይት ያስከፍላል፤ የኦፊስ 365 የኦዲት ሎግን ጨምሮ አንዳንድ የራሱን ሎጎች ግን በነፃ ያስገባል። የአይቢኤሙ ኪውራዳር የቆየ ልማዱ በሰከንድ የሚገቡትን መዝገቦች መቁጠር ነው። ኢላስቲክን በክላውድ ከወሰዳችሁት የምትከፍሉት በአብዛኛው ለምትይዙት የማሽን አቅም ነው። ዋዙህ ላይሰንሱ ነፃ ነው፤ ሰርቨሩና ሠራተኛው ግን የእናንተ ወጪ ነው።

እነዚህን በምን እናነጻጽራቸው? በቀላል ሒሳብ። በሰከንድ 1,000 መዝገብ አላችሁ እንበል፤ እያንዳንዱ በአማካይ 500 ባይት ነው። በቀን 86,400 ሰከንድ አለ። ሲባዛ በቀን 43 ጊጋባይት ገደማ ይመጣል፣ በወር 1.3 ቴራባይት ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ሻጭ ከመጥራታችሁ በፊት በራሳችሁ ቁጥር ሥሩት። ከዚያ በእጥፍ አባዙት፤ ምክንያቱም አዲስ አፕሊኬሽን በተጨመረ ቁጥር፣ አንድ ፕሮግራመር ችግር ሲፈልግ እያንዳንዱን ዝርዝር የሚጽፈውን የዲበግ ሎግ ከፍቶ በረሳ ቁጥር ሎጉ ያብጣል። በእጥፉም ሒሳቡን መክፈል ካልቻላችሁ ያ ሶፍትዌር የእናንተ አይደለም። ለምን? በጀት ሲጠብ የሚሆነውን ስለማውቅ ነው። ስብሰባ ይጠራል፣ "ብዙ ቦታ የሚይዘው የቱ ነው?" ይባላል፣ የዲኤንኤሱ፣ ማለትም ማሽኖቹ የትኛውን የድረ ገጽ ስም እንደጠየቁ የሚያሳየው ሎግ ይቆረጣል፣ ቀጥሎ የሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች ሎግ ይቆረጣል። እንዲህ እየተባለ ሰርጎ ገብ የሚታይበት መንገድ በሙሉ ይዘጋል፣ በዓመቱ መጨረሻ ውድ ሶፍትዌር ውስጥ የቀረው የፋየርዎል ሎግ ብቻ ይሆናል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

መቆረጥ ያለበት ነገር የለም እያልኩ አይደለም። አለ። ፋየርዎሉ "አሳልፌያለሁ" እያለ የሚጽፈው ሚሊዮን መስመር ሁሉ ውዱ ቦታ ላይ መቀመጥ የለበትም፤ ርካሽ ማከማቻ ውስጥ ይግባ። የመግቢያ ሎግ፣ የኢሜይል ሎግ፣ የቪፒኤን ሎግ፣ የአድሚኖች ሥራ፣ ባክአፑን ማን እንደነካው፣ እነዚህ ግን በምንም ዓይነት አይነኩም።

ስንት ጊዜ ይቀመጥ? የክፍያ ካርድ የምትቀበሉ ከሆነ ፒሲአይ ዲኤስኤስ የሚባለው ደንብ ይመራችኋል። ሎጉ 12 ወር መቀመጥ አለበት፤ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ደግሞ ወዲያው ሊታዩ የሚችሉ መሆን አለባቸው። ካርድ ባትቀበሉም ጥሩ መነሻ ነው ባይ ነኝ። ሻጩን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ "የዛሬ ስምንት ወር የነበረውን ሎግ ዛሬ ማየት ብፈልግ ስንት ሰዓት ይፈጅብኛል? ስንትስ ያስከፍለኛል?" ብዙዎቹ ማስቀመጡን በርካሽ ይሸጡላችኋል፤ ዋጋው የሚመጣው መልሳችሁ ስታወጡት ነው።

ወደ ሶፍትዌሮቹ ልምጣ፤ በየአንዳንዱ ላይ የማስበውን በግልጽ እናገራለሁ።

ስፕለንክ ለፍለጋ ድንቅ ነው። የፍለጋ ቋንቋውን የቻለ ሰው ከማንኛውም ዓይነት ሎግ ውስጥ የፈለገውን ያወጣል። ውድ ነው፤ የሚችለው ሰው መቅጠርም ውድ ነው። ብቁ ቡድን ካላችሁ ተመልከቱት፣ ከሌላችሁ እለፉት።

ሴንቲነል ቀድሞውኑ ማይክሮሶፍት 365 እና የማይክሮሶፍቱ ክላውድ አዙር ውስጥ ላለ ድርጅት ተፈጥሯዊ ምርጫ ነው። ሰርቨር መትከል የለም። በእኔ ግምት ለብዙ መካከለኛ ድርጅቶች የመጀመሪያው መታየት ያለበት እሱ ነው። ነገር ግን ሎጋችሁ በአብዛኛው ከሌላ ቦታ የሚመጣ ከሆነ ሒሳቡ በፍጥነት ይወጣል፣ ነፃው ክፍልም ብዙ አይረዳችሁም።

ዋዙህን እወደዋለሁ። በ2015 ኦሴክ ከሚባለው ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ከሆነ፣ ፕሮጀክት ተነስቶ ያደገ ነው። በየማሽኑ ኤጀንት የሚባል ሎግ የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም ይተከላል፤ ፋይል ሲቀየር ይነግራችኋል፣ ያልተጠገኑ ክፍተቶችን ያሳያችኋል። ሊኑክስ የሚወድ አንድ ጎበዝ ልጅ ያለው ትንሽ ድርጅት ብዙ ሊሠራበት ይችላል። አደጋውም እዚያው ላይ ነው፤ ልጁ ሥራ ሲለቅ ሲስተሙም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ሁለተኛ ሰው ሳታሰለጥኑ አትጀምሩት።

ግሬይሎግ ሎግ ለመሰብሰብና ለመፈለግ ቀላልና ንጹሕ ነው። ደህንነት ላይ ጠንከር ያለ ነገር ስትፈልጉ ግን ወደሚከፈልበት ስሪት ትሄዳላችሁ። ግራፋና ሎኪ ሌላ ነገር ነው። የፍለጋ ማውጫ የሚሠራው ለሎጉ ሙሉ ጽሑፍ ሳይሆን ለመለያዎቹ ብቻ ስለሆነ ርካሽ ነው፤ ለአፕሊኬሽን ችግር ፍለጋ ጥሩ ነው፣ ለደህንነት ምርመራ ብቻውን አይበቃም።

ኢላስቲክ ፈጣን ነው፣ ሰፊ ነው፣ ብዙ እንክብካቤም ይፈልጋል። የእሱ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል። በ2021 ላይሰንሱን ሲቀይር አማዞን ኦፕንሰርች የሚባለውን ቅጂ አወጣ፤ በ2024 ደግሞ ኢላስቲክ ራሱ ኦፕን ሶርስ ላይሰንስ እንደገና ጨመረ። በመካከል የነበሩ ድርጅቶች ወዲህ ወይስ ወዲያ እያሉ ለመምረጥ ተገደዱ። 2024 ራሱ ገበያው የተገለባበጠበት ዓመት ነው። ሲስኮ ስፕለንክን በ28 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ጨረሰ፣ ፓሎ አልቶ ኔትወርክስ የኪውራዳርን የክላውድ ክፍል ወሰደ፣ ሎግሪዝም እና ኤክሳቢም የሚባሉ ሁለት የሲየም ሻጮች ተዋሐዱ። ዛሬ የምትገዙት ሶፍትዌር ከሦስት ዓመት በኋላ የሌላ ኩባንያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሎጋችሁን በተለመደ ፎርማት ይዛችሁ መውጣት እንደምትችሉ አረጋግጡ። የማንቂያ ሕጎቻችሁንም የሚችል ሰው ካላችሁ ሲግማ በሚባለው የጋራ የማንቂያ ሕግ መጻፊያ ፎርማት ጻፏቸው፤ ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው ይተረጎማሉ።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ። ማንቂያውን ማን ያየዋል?

በ2013 ታርጌት የሚባለው የአሜሪካ የሱቅ ኩባንያ 40 ሚሊዮን የክፍያ ካርድ መረጃ ተሰረቀበት። ሶፍትዌሩ ጩኸቱን አሰምቶ ነበር። ማንቂያው መጥቷል፤ እርምጃ የወሰደ ሰው ግን አልነበረም። እባካችሁ ይህን ልብ በሉ። መሣሪያው ሥራውን ሠርቶ ነበር።

በ2017 የሰዎችን የብድር ታሪክ በሚይዘው የአሜሪካ ኩባንያ ኢኩፋክስ ላይ የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው። የኔትወርኩን ትራፊክ የሚመረምረው መሣሪያ ምስጢሩን ለመክፈት የሚያስፈልገው ዲጂታል ሰርተፊኬት ጊዜው አልፎበት ለብዙ ወራት የተመሰጠረውን ትራፊክ ሳያይ ቆየ። ሰርተፊኬቱ ሲታደስ አጠራጣሪው እንቅስቃሴ ወዲያው ታየ፤ በዚያን ጊዜ ግን ሰርጎ ገቦቹ ለ76 ቀናት ሲመላለሱ ከርመዋል፣ የ147 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መረጃም ወጥቷል። ዝም ያለ መሣሪያ ሰላም የሆነ ይመስላል። እኔ ሶፍትዌር ስፈትን በጣም የምጨነቅበት ነጥብ ይህ ነው። የአንድ ሰርቨር ሎግ መምጣቱን ቢያቆም ሶፍትዌሩ ይነግረኛል? በስንት ደቂቃ?

ስለዚህ ሻጩ ዲሞ ሊያሳያችሁ ሲመጣ የእሱን ዳታ አትዩ። የሙከራ ጊዜ ውሰዱና በራሳችሁ ሎግ ፈትኑት። ቅድም የያዛችኋቸውን ሦስት ቁጥሮች በሙከራ ማሽን ላይ በተከታታይ አድርጓቸው፤ አንድ ማንቂያ መጣ ወይስ አርባ? ወይስ ምንም? ከዚያ የማሽኑን ሎግ አጥፉት። ዊንዶውስ ይህን 1102 ብሎ ይመዘግበዋል፤ ሰርጎ ገቦች ዱካቸውን ሲደመስሱ የሚያደርጉት ነው፣ ሎጉ ከመጥፋቱ በፊት ወደ ሌላ ቦታ መላክ ያለበትም ለዚሁ ነው። ኤጀንቱን አቁሙና ሰዓት ያዙ። የማሽኖቹ ሰዓት አንድ መሆኑንም እዩ፤ አንዱ ማሽን አምስት ደቂቃ ከዘገየ መዝገቦቹን ማገናኘት የማይታሰብ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ሎጉ ራሱ ምስጢር ይይዛል። በ2018 ትዊተር የተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ሳይመሰጠር በውስጥ ሎግ ላይ ሲጻፍ እንደነበር አግኝቶ 330 ሚሊዮን ተጠቃሚዎቹን በሙሉ የይለፍ ቃል እንዲቀይሩ መከረ። ሶፍትዌሩ እንዲህ ያለውን መረጃ ከመቀመጡ በፊት መሸፈን ይችላል? ማን የቱን ሎግ እንደሚያይ መገደብስ ይቻላል? ለሁለቱም "አዎ" ካላላችሁ ሻጩን አሰናብቱት።

ሌሊት ማንቂያውን የሚያይ ሰው ከሌላችሁ ደግሞ፣ ብዙዎቻችሁ እንደሌላችሁ እገምታለሁ፣ ሶፍትዌር ብቻ አትግዙ። ሃያ አራት ሰዓት የሚከታተልላችሁን አገልግሎት ግዙ፤ በውሉ ላይም ማንቂያ ሲመጣ በስንት ደቂቃ እንደሚደውሉ፣ ለማን እንደሚደውሉ፣ ስልክ የሚያነሳ ከጠፋ አካውንቱን በራሳቸው መዝጋት ይችሉ እንደሆነ በግልጽ አስጽፉ። ሎጉም በእናንተ ስም በእናንተ እጅ ይቆይ። ይህን አገልግሎት ከገዛችሁ ከጀርባው ያለው ስፕለንክ ይሁን ሴንቲነል ያን ያህል አያሳስባችሁ።

የእኔ ይኸው ነው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ስንት ማሽን እንዳላችሁና በቀን ስንት ጊጋባይት ሎግ እንደሚወጣችሁ ከነገራችሁኝ በእናንተ ቁጥር አብረን እናሰላዋለን።